ታሞ ከመማቀቅ በፊት፦ ሥነ ልቦናዊ ሕክምና በኅብረተሰብ ውስጥ ያለው ድርሻ

(የሕዝብ ትምህርት ንግግር)

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የምትለውን አባባል ከጤና ጣቢያ ወይም ከትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ያላነበበ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ወባን በአጎበር፣ ኩፍኝን በክትባት፣ ተቅማጥን እጅ በመታጠብ መከላከል እንደሚቻል እየሰማን ያደግነው በእርሷ ነው። የአእምሮ ጤና ላይ ስንደርስ ግን አባባሏ ትጠፋብናለች። አንዱ እንቅልፍ አጥቶ ወር ሲከርም «ሐሳብ አብዝቶ ነው» እንላለን። ሌላዋ ከሰው ተለይታ ቤቷን ስትዘጋ «ዐመሏ ነው» ብለን እናልፋለን። ግርግር የሚነሣው ሕመሙ ከፍቶ አደባባይ ሲወጣ፣ ወይም ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ እጁን ሲያነሣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ለመጠንቀቅ መሽቷል።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ በመነጋገሩ የአእምሮ ሕመም ሊሻለው፣ ከዚያም አልፎ ሕመሙ ሳይጀምረው ሊቀር ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነስ ይህ ሥራ የማን ነው? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ንግግሩ ሥርዓት ካለው ይችላል። ሥራው ደግሞ ለሆስፒታል ብቻ የሚተው ሳይሆን የሰፈርም ነው። ለዚህ በምስክርነት የማቀርበው ከሀብታም አገር የመጣ ምሳሌ አይደለም፤ የዚምባብዌዋን ሐራሬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን በቅድሚያ ያዙልኝ።

ምክርና ሕክምና

ሥነ ልቦናዊ ሕክምና፣ ብዙዎች ሳይኮቴራፒ የሚሉት፣ ሕመምን በንግግርና በተግባር ልምምድ የሚያክም ሙያ ነው። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «ታዲያ ይኼ ምክር አይደለም ወይ? እኛ መካሪ መች አጥተን!» ይላል። እውነቱን ነው። ጎረቤት ይመክራል፤ አክስት ትመክራለች፤ የንስሐ አባት ይመክራሉ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ይመክራል። ነገር ግን መካሪ አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ቀድሞ ይዞ ነው የሚመጣው። ገና ሁለት ዐረፍተ ነገር ሳንናገር «እኔም እንዲህ ሆኜ ነበር» ብሎ ወደ ራሱ ታሪክ ይገባል፤ ወይም «ተይው፣ እርሽው» ብሎ በሩን ይዘጋዋል። የነገርነውም ቡና ላይ እንዳይወራ ዋስትና የለንም።

ሕክምናው ከዚህ የሚለየው በአራት ነገር ነው። ጊዜው የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ምስጢሩ የተጠበቀ ነው። ሥራው ደረጃ አለው፤ ዛሬ የተጀመረው በሚቀጥለው ሳምንት ከቆመበት ይቀጥላል። ውጤቱም ይለካል፤ ሰውየው ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ እንቅልፉ፣ ሥራው፣ ተስፋው እንዴት እንደሆነ ተጠይቆ ይመዘገባል።

ንግግር ሕመምን እንዴት ሊለውጥ እንደሚችል ለማየት ሥራውን ያጣ አንድ ሰው እናስብ። መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ሌሊቱን ሲብሰለሰል ያድራል። ጠዋት ስለሚደክመው ከቤት አይወጣም፤ ስላልወጣም ሰው አያገኝም፣ ሥራ አይፈልግም። ባልንጀራው ሲደውል አያነሣም። ባልንጀራው ተስፋ ቆርጦ መደወሉን ሲያቆም ደግሞ «ድሮስ ለእኔ ማን ደንታ አለው» የሚለው ሐሳቡ የተረጋገጠ ይመስለዋል። ድባቴ ራሱን በራሱ እየመገበ የሚከርመው እንዲህ ነው። የሕክምናው ሥራ ይህን ዙር አንድ ቦታ ላይ መበጠስ ነው።

የት ላይ እንደሚበጠስ ባለሙያዎች የተለያየ መንገድ አሳይተዋል። በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር አሮን ቤክ ሐሳቡ ላይ ጀመሩ፤ «ማንም አይፈልገኝም» ያለ ሰው ይህን አባባሉን ከማስረጃ ጋር እንዲያመዛዝን አስተማሩ። ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን ደግሞ ግንኙነት ላይ አተኮሩ። ሰውን ለድባቴ የሚዳርጉት በአብዛኛው አራት ነገሮች ናቸው አሉ፦ ያልወጣ ሐዘን፣ ያልተፈታ ጠብ፣ ድንገተኛ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት። ሌሎች ደግሞ ከዚህም ቀለል ያለ መንገድ ያዙ። ከችግሮች ሁሉ አንዱን መርጦ፣ በትንሽ በትንሹ ሸንሽኖ፣ ሊሠራ የሚችል እርምጃ መፈለግ። ሐራሬ የመረጠችው ይህን ሦስተኛውን ነው።

የአሥራ አምስት ዶላር መንገድ

በ2005 የዚምባብዌ መንግሥት «ኦፕሬሽን ሙራምባትስቪና» ብሎ በሰየመው ዘመቻ በየከተማው ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶችና ሱቆች አፈረሰ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ በተባበሩት መንግሥታት የተላኩት አና ቲባይጁካ ባቀረቡት ሪፖርት 700,000 የሚሆን ሰው መኖሪያውን ወይም መተዳደሪያውን፣ ወይም ሁለቱንም አጥቷል። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባዶ ያደረገበት፣ ገንዘብ ዋጋ ያጣበት ጊዜም ነበር።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከነበሩት በጣት የሚቆጠሩ የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ነበሩ። በእርሳቸው ክትትል ሥር የነበረች አንዲት ወጣት ሕይወቷን አጠፋች። ቤተሰቧ ለምን ወደ ሆስፒታል እንዳላመጧት ሐኪሙ ሲጠይቁ ከእናቲቱ ያገኙት መልስ አጭር ነበር፤ የአውቶቡስ መሳፈሪያ 15 ዶላር አልነበራቸውም። ዶክተር ቺባንዳ ይህን ታሪክ በአደባባይ ደጋግመው ተናግረውታል። የገባቸው ነገር ቢኖር ሐኪም ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ ሲጠብቅ፣ በሽተኛው መንገድ ላይ የሚቀር መሆኑ ነው።

በ2006 ምባሬ በምትባለው የሐራሬ ድኻ ሰፈር ሥራ ለመጀመር ሲጠይቁ ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል ተባሉ። ክፍልም አልተገኘም። የተገኙት ቀድሞውኑ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት የሰፈር ጤና አገልግሎት ይሰጡ የነበሩ አሥራ አራት አሮጊቶች ነበሩ። አሮጊቶቹ ሠለጠኑ፤ በክሊኒኩ ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ግርግር ፈቀቅ ብሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠላቸው። መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ተብሎ ነበር፤ ማንም ዝር አላለም። ሴቶቹ ራሳቸው «የወዳጅነት ወንበር» እንበለው ብለው ስሙን አስለወጡ።

ወንበሩ ላይ ምን ይደረጋል?

ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ «አእምሮዬን አመመኝ» ብሎ አይመጣም። ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ አሥራ አራት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይቀርብለታል። መጠይቁ ከለንደን ወይም ከኒው ዮርክ ተተርጉሞ የመጣ አይደለም፤ እዚያው በሾና ተናጋሪዎች መካከል ሕመምተኞቹ ከሚናገሩበት ቋንቋ ተለቅሞ የተዘጋጀ ነው። ባለፈው ሳምንት በሐሳብ ስትብሰለሰል ነበር ወይ? በትንሽ ነገር ትቆጣለህ ወይ? ቅዠት ነበረብህ? ማልቀስ አሰኝቶህ ያውቃል? ሥራህ ወደ ኋላ ቀርቶብሃል? ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ? «አዎ» የሚለው መልስ ሲበዛ ሰውየው ወደ ወንበሩ ይመራል። ሕይወቱን ስለማጥፋት ለተጠየቀው «አዎ» ያለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ይተላለፋል።

አሁን ለማስረዳት ያህል አንዲት ሴት እናስብ። ባሏ ሞቶባታል፣ የሦስት ወር ኪራይ ውዝፍ አለባት፣ ልጇ ትምህርት አቋርጧል፣ መድኃኒቷን መውሰድ ትታለች። አምቡያ፣ በእነርሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«እስቲ ንገሪኝ ልጄ፤ ከየትም ጀምሪ።»

ሴትየዋ ታለቅሳለች። አምቡያ «አታልቅሺ» አይሏትም። ሥልጠናው ዝም ብሎ መጠበቅን ያስተምራል። ሴትየዋ ተናግራ ስትጨርስ አምቡያ የሰሙትን መልሰው ይነግሯታል፦ ኪራዩ፣ ልጁ፣ መድኃኒቱ፣ ሐዘኑ። ከዚያ ይጠይቃሉ።

«ከእነዚህ ውስጥ ቀድመን የትኛውን እንያዝ?»

«ልጁን፣ እናቴ። ሌላው ይቆይ።»

«ለልጁ ምን ማድረግ ይቻላል ትያለሽ?»

ሴትየዋ የመጡላትን ትዘረዝራለች፤ ርእሰ መምህሩን ማነጋገር፣ ወንድሟን መጠየቅ፣ ልጁን ሥራ ማስገባት። አንዱ ተመርጦ ይሸነሸናል። ማክሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማን ያደርሳታል? ምን ብላ ትጀምራለች? ርእሰ መምህሩ ባይገኝ ምን ታደርጋለች? በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማክሰኞ እንዴት ሆነ?» የሚል ይሆናል። ባይሳካ ተግሣጽ የለም፤ ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

ሙሉ ሕክምናው ይህ ነው፤ እስከ ስድስት ጊዜ ይደረጋል። ኪራዩ አልተከፈለም፤ ባሏም አልተመለሰም። ነገር ግን ለወራት አንድም ነገር በእጇ እንደሌለ ሲሰማት የከረመች ሴት በራሷ መርጣ፣ በራሷ ሄዳ፣ አንድ ነገር አድርጋለች። ዙሩ የተበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ከስድስቱ ቀጠሮ በኋላ ወንበሩ ላይ ያለፉ ሴቶች በቡድን ይገናኛሉ፤ ከአሮጌ ፕላስቲክ ቦርሳ እየሠሩ ይጫወታሉ፣ ቦርሳውንም ይሸጣሉ።

ይህ ሥራ በደግነት ብቻ ታምኖ አልቀረም፤ ተመዝኗል። በሐራሬ ሃያ አራት ክሊኒኮች 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2016 መጨረሻ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። በግማሾቹ ክሊኒኮች የወንበሩ አገልግሎት፣ በግማሾቹ የተሻሻለ መደበኛ አገልግሎት ተሰጠ። ከስድስት ወር በኋላ በመደበኛው አገልግሎት ከቆዩት ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ግን 13.7 በመቶው ብቻ።

ለምን አሮጊቶች? ምክንያቱን ዶክተር ቺባንዳ ሲያስረዱ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ሰፈሩን ጥለው ይሄዳሉ፤ አያቶች ግን አይሄዱም ይላሉ። በሰፈሩ የታወቁ፣ የተከበሩ፣ መከራውን ራሳቸው ያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር እንዳንዘነጋ፦ አሮጊቶቹ እንዲሁ አልተለቀቁም። ሠልጥነዋል፣ የሥራ መመሪያ አላቸው፣ ሥራቸውን የሚከታተል ባለሙያ አለ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን የሚልኩበት ቦታ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ወንበሩ ተራ ወንበር ነው።

ሐራሬ ብቻዋን አይደለችም። በደቡብ ዩጋንዳ፣ ከማሳካና ከራካይ ሠላሳ መንደሮች በግማሾቹ፣ ወንዶች ለብቻ ሴቶች ለብቻ ሆነው ለአሥራ ስድስት ሳምንት በቡድን እንዲነጋገሩ ተደረገ። መሪዎቹ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። በ2003 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ከሕክምናው በኋላ ድባቴ ያልለቀቃቸው ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም፤ ሕክምናውን ባላገኙት መንደሮች ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች በድባቴ የተያዙ ነፍሰ ጡሮችን እንዲረዱ ሠለጠኑ። በ2008 በታተመው ጥናት መሠረት ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ በድባቴ ውስጥ የነበሩት እናቶች 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህን እርዳታ ባላገኙት ዘንድ 53 በመቶ ነበሩ። ከዚህም በላይ የታከሙት እናቶች ሕፃናት ተቅማጥ ቀነሰላቸው፤ ክትባታቸውንም በተሻለ ሁኔታ ጨረሱ። የእናቲቱ አእምሮ ሲታከም የሕፃኑ ሆድ ተጠበቀ ማለት ነው።

መከላከል እስከ የት?

ጄራልድ ካፕላን የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ መከላከልን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። አንደኛው ሕመሙ ሳይጀምር ማስቀረት ነው። ሁለተኛው እንደጀመረ ደርሶ እንዳይከፋ ማድረግ፤ ሦስተኛው የታመመው ሰው ከሥራና ከማኅበራዊ ኑሮ ውጭ ሆኖ እንዳይቀር መደገፍ ነው። እስካሁን ያየናቸው ምሳሌዎች በአብዛኛው የሁለተኛው ደረጃ ናቸው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ዓይነት።

የመጀመሪያው ደረጃ ከባድ ነው፤ ሆኖም ከንቱ ምኞት አይደለም። የሆላንዱ ተመራማሪ ፒም ኩይፐርስና ባልደረቦቻቸው በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ሳይታመሙ ቀድመው ሥነ ልቦናዊ እርዳታ ባገኙ ሰዎች ዘንድ አዲስ ድባቴ የመከሰቱ ዕድል በ20 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኙት። በቱርክ ደግሞ ጭንቀት የበዛባቸው፣ ገና ግን ሕመም ያልያዛቸው የሶርያ ስደተኞች በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀ የአምስት ጊዜ ትምህርት ተሰጣቸው። ትምህርቱ ከተቀዳ ድምፅና በሥዕል ከተደገፈ መጽሐፍ የሚሰጥ ሲሆን እስከ ሠላሳ ሰው በአንድ ላይ ይከታተለዋል። ከስድስት ወር በኋላ የአእምሮ ሕመም የያዛቸው ትምህርቱን ካልወሰዱት 40.7 በመቶ፣ ከወሰዱት 21.7 በመቶ ነበሩ። ይኸው ትምህርት በምዕራብ አውሮፓ ላሉ ስደተኞች ሲሰጥ ግን ወዲያው ያሳየው ጥቅም ስድስት ወር አልዘለቀም። አንድ ቦታ የሠራ ነገር ሌላ ቦታ ተለክቶ መታየት እንዳለበት ከዚህ እንማራለን።

ንግግር ሁሉ እንደማይፈውስም መታወቅ አለበት። ከአደጋ ወይም ከጦርነት የወጣን ሰው በማግስቱ አስቀምጦ ያየውን አሰቃቂ ነገር አንድ በአንድ ማስተረክ ለረጅም ጊዜ እንደ መልካም ሥራ ይቆጠር ነበር። ጥናቶቹ ሲሰበሰቡ ይህ አሠራር በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል፣ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ላይ እንደሚያባብስ ታየ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ ደኅንነቱን ማረጋገጥ፣ ውሃና ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማገናኘት፣ መናገር ከፈለገ ማዳመጥ፣ ካልፈለገ አለማስገደድ። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ቦሌ የወረደችው ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት «ምን ደረሰብሽ?» የሚል ማይክሮፎን አልነበረም። ስልክ፣ ማረፊያና ወደ አገር ቤት የሚያደርስ መሳፈሪያ ነበር። ንግግሩ ከወራት በኋላ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ይደርሳል።

ወሰኑም ይታወቅ

ሥነ ልቦናዊ ሕክምና የማይሠራውን እንዲሠራ መጠየቅ ሙያውን ማዋረድ ነው። የሌለ ድምፅ ለሚሰማው፣ ከእውነታው ጋር ለተለያየ ሰው መድኃኒትና ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ንግግሩ አጋዥ ነው። የሠራችበት ደመወዝ ያልተከፈላትን የቤት ሠራተኛ አተነፋፈስ እያስተማሩ ስለ ደመወዟ ዝም ማለትም ሕክምና አይባልም። የሚያስፈልጋት ሕግ ነው። አንዳንዱ መከላከል ጨርሶ ከንግግር ውጭ ነው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ መድኃኒቶች በየደረጃው ስታግድ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ይህ የሆነው ሕዝቡ በሙሉ ስለተመከረ አይደለም፤ በጨለማው ሰዓት መርዙ ከእጅ ስለራቀ ነው።

ስለዚህ ድርሻውን ልክ እናድርገው። ሕግና ዳቦ የሚሠሩት አለ፤ መድኃኒት የሚሠራው አለ። በመካከላቸው ግን ሰፊ ሜዳ ይቀራል። በዓለም ላይ በድባቴ ከሚሠቃየው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አብዛኛው ያለው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ከሆስፒታል በር ያልደረሰ፣ ብቻውን ግን የማይወጣው።

የእኛ እድር፣ የእኛ ጤና ጣቢያ

ወደ እኛ ልመለስ። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ተሄዷል፤ በሶዶ ወረዳ እንደተደረገው የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕክምና እዚያው በቅርብ እንዲሰጡ ማድረግ እንደሚቻል ታይቷል። ሆኖም ሐኪም እስኪበቃን ብንጠብቅ አንድ ትውልድ ያልፋል። ሐራሬም አልጠበቀችም።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። እድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ሐዘንተኛው ለቀናት ብቻውን አያድርም። ክለርማንና ዋይስማን ለድባቴ ይዳርጋሉ ካሏቸው አራት ነገሮች አንዱን፣ ሐዘንን፣ አባቶቻችን ሥርዓት አበጅተውለታል። ሦስቱ ግን ድንኳን የላቸውም። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ለተመለሰች ልጅ ማን ለቅሶ ይደርሳል? ከሥራ ለተቀነሰ አባወራስ? አራስ ቤት ሆና ልጇን አቅፋ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ የምታይ እናትስ? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ገንፎ በልተን እንወጣለን፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም። ዝም ስትል ጨዋ ናት እንላለን። ሆድ ይፍጀው የሚለው ልማዳችን ብዙ ምስጢር ጠብቋል፤ ብዙ ሰውም ፈጅቷል።

ስለዚህ ሊሠሩ የሚችሉ አራት ነገሮችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ይመለከታል፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለእናቲቱ ሁለት ጥያቄ ይጨመር። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ወይም መከፋት ይሰማሽ ነበር? ቀድሞ ደስ ይልሽ የነበረውን ነገር መሥራት አስጠልቶሻል?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በዓለም ዙሪያ ለመጀመሪያ ልየታ ያገለግላሉ፤ የሚወስዱት ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «አዎ» ላለችው ግን የምትላክበት ቦታ ይዘጋጅ፤ መላኪያ የሌለው ጥያቄ ማቁሰል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው። ውጤቱ በአንድ ሴሚስተር ያሽቆለቆለ፣ ከጓደኞቹ የተለየ ልጅ «ሰነፍ» ከመባሉ በፊት የሚያነጋግረው አንድ የሠለጠነ መምህር ይኑር።

ሦስተኛው የሃይማኖት አባቶቻችን ናቸው። ሰው ምስጢሩን ቀድሞ የሚያዋየው ለካህኑ ወይም ለሼኹ ነው። ጸበሉን ወይም ዱዓውን የግድ መተው የለበትም፤ «ጸሎቱን ቀጥል፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ» የምትል አንዲት ቃል ከአባት አፍ ስትወጣ ከሐኪም አፍ ከምትወጣው ይልቅ ትሰማለች።

አራተኛው እያንዳንዳችን ነን። ሰው ሲያዋየን መልስ ለመስጠት አንቸኩል። ሕይወቱን ስለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ ከጠረጠርን በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን በጭንቅላቱ ውስጥ አይተክልም፣ ይልቁንም የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። «አዎ» ካለ ብቻውን አንተወው፤ ወደ ጤና ተቋም እናድርሰው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን የደበቀውን እንወቅሳለን። የገለጠውን ግን ስናገልና ስናሽሟጥጥበት ከርመናል፤ ስለዚህ ቢደብቅ አይፈረድበትም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የዛሬው ንግግሬ ወደ አንድ ልመና ያመራል። ከእናንተ አብዛኞቻችሁ የእድር አባል ናችሁ። በሚቀጥለው ወር እድራችሁ ሲሰበሰብ አንድ ነጥብ በአጀንዳው ላይ አስጨምሩ። ከአባላቱ መካከል ምስጢር የሚጠብቁ፣ ሰው የሚያከብራቸው፣ ለማዳመጥ ትዕግሥት ያላቸው ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ይመረጡ። በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግራችሁ የሚሠለጥኑበትን፣ ሥራቸውን የሚከታተል ባለሙያ የሚያገኙበትን፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን የሚልኩበትን መንገድ አበጁ። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳንና ወንበር ይገዛል። በሕይወት ላለው ሰው አንድ አግዳሚ ወንበር መግዛት አያቅተውም።